ጣቴን ቶሎ መክፈት አቃተኝ፤ ፍላጻዬ ሁልጊዜ ወደ ግራ ይሄዳል

የጫካ ዳር ጠየቀች፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጽሑፎቻችሁን ዝም ብዬ ሳነብ ከርሜ ዛሬ ጥያቄ ይዤ መጣሁ። ስለ ቀስት በአማርኛ የሚጨዋወት ሰው ይኖራል ብዬ አስቤም አላውቅ ነበር።

የምኖረው ጀርመን፣ ካሰል አቅራቢያ ነው። ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። እዚህ አገር በየጫካው የቀስት መንገድ አለ። የእግር መንገዱን ይዛችሁ ስትሄዱ ከፎም የተሠራ የዱር አሳማ፣ አጋዘን፣ ቀበሮ፣ አንዳንዴም ድብ ከቁጥቋጦ ሥር ቆሞ ይጠብቃችኋል፤ ችካል ከተተከለበት ቦታ ቆሞ መወርወር ነው። ርቀቱን የሚነግር ሰው የለም፤ በዓይን መገመት ነው። የሥራ ድካሜን የሚያስረሳኝ ይኸው ነው።

ቀስቴ ሪከርቭ የሚባለው፣ ጫፎቹ ወደ ፊት የተቆለመሙት ዓይነት ነው፤ ክንፎቹ፣ ማለትም ከላይና ከታች ያሉት የሚጎብጡ ክፍሎቹ፣ በብሎን ይታሰራሉ። ርዝመቱ 62 ኢንች ሲሆን ክንፉ ላይ "35 ፓውንድ በ28 ኢንች" የሚል ተጽፎበታል። ማነጣጠሪያም ሆነ ማረጋጊያ ዘንግ የለውም። የምስበው በቀኝ እጄ ነው፤ ሌባ ጣቴ ከፍላጻው በላይ፣ መሃል ጣቴና የቀለበት ጣቴ ከታች ይሆናሉ። ጣቶቼን የሚከልል ቆዳ አደርጋለሁ። ፍላጻዎቼ ካርቦን ናቸው፤ የገዛሁበት ሱቅ 500 የሚል ቁጥር ያለባቸውን ነው የሰጠኝ።

ችግሬ እንዲህ ነው። በቅርብ ደህና ነኝ። አሳማው 15 ወይም 20 ሜትር ሲርቅ ግን ትከሻውን እያየሁ የለቀቅኩት ፍላጻ በስተግራ ካለ ግንድ ላይ ተሰክቶ ይገኛል። ስለቅ ቀኝ እጄ ከጉንጬ ተነስቶ ወደ ጎን ይወረወራል፤ በዚያ በኩል የሚቆም ሰው የለም፣ ሁሉም ለአፍንጫው ይሰጋል። ትንሽ ከቆየሁ ደግሞ የሌባ ጣቴ ጫፍ ይደነዝዛል።

አብረውኝ የሚወጡት ሁሉ ምክራቸው አንድ ነው፦ "ጣቶችሽን ቶሎ ክፈቺ።" ቶሎ ለመክፈት በታገልኩ ቁጥር ይብስብኛል። ጣት ቶሎ እንዲከፈት የሚያደርግ ልምምድ ይኖር ይሆን? ወይስ ጓንት ይሻለኛል? የምታውቁ እባካችሁ።


እንጨት ጠራቢው መለሰ፦

እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። "ጣትሽን ቶሎ ክፈቺ" ያሉሽ ሰዎች ደጎች መሆናቸውን አልጠራጠርም፤ ምክራቸውን ግን እዚያው ጫካው ውስጥ ጥለሽላቸው ነይ። ጣት አይከፈትም። በዚህ ጉዳይ ከብዙ ሰው ጋር ተጨቃጭቄአለሁ፤ ዛሬም የሚመጣ ካለ እዚሁ አለሁ።

ጣቶችሽን አጥፎ የሚይዘው ዋናው ጡንቻ ያለው ጣትሽ ውስጥ ሳይሆን ክንድሽ ውስጥ ነው፤ ከክርንሽ ዝቅ ብሎ፣ በመዳፍሽ በኩል። ግራ እጅሽን እዚያ ላይ አሳርፊና የቀኝ ጣቶችሽን እጠፊ፤ ሲንቀሳቀስ ይሰማሻል። ጣትን የሚዘረጋው ደግሞ ሌላ ጡንቻ ነው፤ እሱ ያለው በክንድሽ በሌላው ገጽ፣ በአይበሉባሽ በኩል ነው። "ክፈቺ" ሲሉሽ አጣፊው ሳያርፍ ዘርጊውን ትቀሰቅሽዋለሽ። ሁለቱ ሲጓተቱ ሦስቱ ጣቶች እኩል አይወጡም፤ አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው አውታሩን ይዞ ይቀራል፣ እጅሽም ወደ ጎን ይፈናጠራል። አውታሩ ከመንጋጋሽ ተነስቶ ፍላጻውን እስኪሰደው ድረስ ያለው ጊዜ የሰከንድ ሃምሳኛ ገደማ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ አስቦ የሚከፈት የሰው ጣት እስካሁን አልተፈጠረም።

የሚፈለግብሽ ክንድሽን ማላላት ብቻ ነው። ክንድ ሲላላ አውታሩ ራሱ ጣቶቹን ገፍቶ ያልፋል። በ30 ፓውንድ ኃይል የተወጠረ ነገር በላላ ጣት መካከል ለማለፍ ማንም እንዲያግዘው አይለምንም።

አሁን የምትሠሪውን ሥራ ስሙን ልንገርሽ? ጥጥ እየነደፍሽ ነው። እናቶቻችን በጥጥ ደጋን ሲነድፉ አውታሩ ወደ ጎን እንዲርገበገብ ነው የሚፈልጉት፤ ጥጡን የሚበትነው እሱ ነውና። ፍላጻ ግን ያንን ርግብግቢት አይወደውም። ቀኝ እጅ አውታሩን ወደ ውጭ ሲጎትተው የፍላጻው ጭራ ወደ ቀኝ ይወጣል፣ ጫፉ ወደ ግራ ይዞራል። ግንዱ ላይ የምታገኚው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ጣትሽ። በሚቀጥለው ጊዜ ወርውረሽ እንደጨረስሽ ቆዳውን አውልቂና ጣቶችሽን ብርሃን ላይ አድርገሽ ተመልከቺ። አውታሩ የተኛበት ቦታ ቀይ መስመር ሆኖ ይታያል። ሰው ምክር ሲጠይቀኝ ከቪዲዮው በፊት የዚያን መስመር ፎቶ ነው የምለምነው፤ ቪዲዮ ላይ ሰው ያማረ መስሎ ይታያል፣ መስመሩ ግን አይዋሽም። መስመሩ በጣትሽ ጫፍ ሥጋ ላይ ከሆነ አያያዝሽ ጥልቀት የለውም። ብዙ ሰው "በጫፍ ከያዝኩት ቶሎ ያመልጣል" ብሎ ያስባል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በጫፍ የተያዘ አውታር እንዳይሾልክ ክንድ አጥብቆ መያዝ ግድ ይሆንበታል፤ አጥብቆ የያዘ ክንድ ደግሞ በድንገት አይላላም፣ ይነጥቃል እንጂ። አውታሩን ከመጀመሪያው አንጓ እጥፋት ላይ፣ በመሃል ጣት በኩል እንዲያውም ከእጥፋቱ ጥቂት አለፍ አድርገሽ አስተኚው። ያኔ ጣቱ መንጠቆ ይሆናል፤ መንጠቆ ደግሞ ለመያዝ አይጨነቅም።

መስመሩ በሦስቱም ጣቶች ላይ መኖሩንም እዪ። የሌባ ጣትሽ መስመር ደማቅ ሆኖ የቀለበት ጣትሽ ንጹሕ ከሆነ፣ ሸክሙን አንዱ ጣት ብቻውን ተሸክሞታል፤ መደንዘዙም ከዚያ ሊመጣ ይችላል። መሃል ጣት አለቃ ይሁን፣ ሁለቱ ያግዙት።

አይበሉባሽ ከክንድሽ ጋር ቀጥ ያለ ይሁን። ጉብ ካለ እጅሽ ተጨብጧል። አውራ ጣትሽና ትንሿ ጣትሽ እዚህ ቦታ ሥራ የላቸውም፤ ሥራ ፈት ግን የሚረብሽ ስለሆነ ማረፊያ ስጫቸው። አውራ ጣትሽን ወደ መዳፍሽ አስተኚ፣ ትንሿን ዘና አድርጊ። አውራ ጣት ወደ ላይ ሲገተር ክንድ ሁሉ አብሮ ይገተራል።

ለልምምድ ቀስት አያስፈልግሽም። አምስት ሊትር ውኃ የሚይዝ ጀሪካን ሙይና ሣር ላይ ቁሚ። እጀታውን በሦስቱ ጣቶችሽ አንጓ ላይ አንጠልጥዪ፤ ክንድሽ ወደ ታች ይዘርጋ፣ መዳፍሽ ወደ ጭንሽ ይዙር። ከዚያ ጀሪካኑን አትጣዪው፤ ክንድሽን አላዪና ጀሪካኑ ራሱ ይሂድ። ወዲያው ጣቶችሽን ተመልከቺ። ተዘርግተው ካገኘሻቸው ከፍተሻቸዋል። በግማሽ ታጥፈው፣ ዘና ብለው ከቀሩ ግን ያደረግሽው ነገር እሱ ነው፤ ያንን ስሜት ያዢ። ጀሪካኑ መጀመሪያ ሲወድቅ ያስደነግጣል፤ እግርሽን አርቂ።

ስሜቱን ስታውቂው ቀስቱን ይዘሽ ከገለባ ነዶ ፊት በሁለት ሜትር ርቀት ቁሚ። ዒላማ አትለጥፊ። ስበሽ እጅሽ ጉንጭሽ ላይ ሲያርፍ ዓይንሽን ጨፍኚና ክንድሽን ብቻ አላዪ። ዒላማ ያየ ዓይን ጣትን ያዝዛል፤ ለጊዜው ሥልጣኑን ንጠቂው።

ከዚህ በኋላ ስለ ፍላጻሽ አንድ ነገር ልበል፤ ጥፋቱ ሁሉ ያንቺ ላይሆን ይችላል። ክንፉ ላይ ያለው 35 ፓውንድ 28 ኢንች ለሚስብ ሰው ነው። አንቺ 26 ኢንች አካባቢ የምትስቢ ከሆነ፣ በየኢንቹ ወደ ሁለት ፓውንድ ስለሚቀንስ፣ በእጅሽ ያለው 31 ገደማ ነው። ፍላጻሽ ላይ ያለው 500 የግትርነት ቁጥር ነው፤ ዘንጉን 28 ኢንች ተራርቀው በቆሙ ሁለት ድጋፎች ላይ አስተኝተው መሃሉ ላይ 880 ግራም ያህል ሲያንጠለጥሉበት ግማሽ ኢንች ይጎብጣል ማለት ነው። 700 የተባለው ሰባት ዐሥረኛ ኢንች ይጎብጣል። በጣት የተለቀቀ ፍላጻ፣ የጌቶች ጌታ ቢለቀው እንኳ፣ አውታሩ የጣቱን ጫፍ ዞሮ ስለሚወጣ ትንሽ ወደ ጎን ይገፋል። ፍላጻው ቀስቱን የሚያልፈው በዚያ ግፊት ጎብጦ፣ ተመልሶ ቀንቶ፣ እንደገና በሌላው በኩል ጎብጦ ነው። ለቀስቱ ከሚገባው በላይ ግትር ከሆነ አይጎብጥም፤ ቀኝ እጁ ለሚስብ ሰው ወደ ግራ ይሄዳል። ለአንቺ ቀስት 500 ግትር ይመስለኛል። 700 ወይም 800 ከሚይዝ ሰው ሁለት ሦስት ተዋሺና ሞክሪ። አሁን አትግዢ፤ መልቀቂያሽ ሳይስተካከል ፍላጻ መምረጥ ገንዘብ ማባከን ነው።

እኔ ኦሬገን ውስጥ አናጢ ነኝ፤ ፍላጻዬን የምጠርበው ፖርት ኦርፎርድ ሴዳር ከሚባለው እንጨት ነው። በተፈጥሮ የሚበቅለው በዚሁ ግዛት ደቡብ ምዕራብ ጫፍና በካሊፎርኒያ ሰሜን ብቻ ነው። ሲላግ ዝንጅብል ዝንጅብል ይሸታል። በእንጨት ፍላጻ ቁጥሩ ሲያድግ ግትርነቱም ያድጋል፤ በካርቦን ግን ቁጥሩ ሲያድግ ግትርነቱ ይቀንሳል። ይህን ተንኮል ማን እንዳመጣው አግኝቼ ብወቅሰው ደስ ይለኝ ነበር።

ስለ ጓንቱ፦ ጓንትም ሆነ ቆዳ አያስለቅቅም። ብቻ ጣትሽን በሚከልለው ቆዳ ላይ አውታሩ የቆፈረው ጥልቅ ቦይ ካለ ለውጪው፤ አውታሩ እዚያ ቦይ ውስጥ ይያዛል። መከለያው ከጣትሽ ጫፍ አልፎ የተረፈ ከሆነም ትርፉን በመቀስ ቁረጪው።


ወጌሻ መለሰ፦

ሰላም እህቴ። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ስፖርተኞችን የማክም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ፤ ቀስት ይዤ አላውቅም፣ ጣት ግን በየቀኑ እይዛለሁ። ጋሽ ጠራቢው ስለ ክንድ ጡንቻ ያሉት ልክ ነው።

ስለ መደንዘዙ ልጨምር። በእያንዳንዱ ጣት ግራና ቀኝ ቀጫጭን ነርቮች ያልፋሉ፤ ጫፉ ላይ ከቆዳው ሥር ቅርብ ናቸው። ቀጭን አውታር እዚያው ቦታ ላይ ደጋግሞ ሲጫን ይጎዳቸዋል። መደንዘዝ ሲጀምርሽ የዕለቱን ልምምድ አቁሚ፤ "ትንሽ ልጨምር" የሚባል ነገር የለም። ወፍራም ቆዳ አድርጊ። መደንዘዙ በማግሥቱም ካልለቀቀሽ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስሽ ከሆነ ሐኪም ይየው። ሥራሽ እጅ የሚፈልግ ሥራ ነውና ቀስቱን ብለሽ እጅሽን እንዳታጪ። በብርድ ጊዜ ደግሞ እጅሽን ሳታሞቂ አትጀምሪ።


ባለ አውራ ጣት መለሰ፦

እናንተ በሦስት ጣት ስትታገሉ ዓለም ግማሹ በአንድ ጣት ጨርሶታል! እኔ ደቡብ ኮሪያ ነው የምኖረው። እዚህ ባህላዊው ቀስት የሚሳበው በአውራ ጣት ነው። ካክጂ የሚባል ቀለበት አውራ ጣት ላይ ይጠለቃል፣ አውታሩ እሱ ላይ ያርፋል፣ ሌባ ጣት በላዩ ላይ ይቆልፋል። ፍላጻው የሚቀመጠው በቀስቱ ቀኝ በኩል ነው። ዒላማው 145 ሜትር ርቆ ነው የሚቆመው፤ አሳማችሁ 20 ሜትር ላይ ቆሞ አስቸገረን ስትሉ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ኤድዋርድ ሞርስ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1885 የዓለምን የአለቃቀቅ ዓይነቶች አምስት ብሎ መድቧቸው ነበር፤ የእናንተን ሜዲትራኒያን፣ የእኛን ሞንጎል ብሎ ሰይሟቸዋል። ሞንጎል ስለተባለ ግን የሩቅ ምሥራቅ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሱዳን ውስጥ ከጥንታዊት ኩሽና ከኖባ መቃብሮች ከድንጋይ የተሠሩ የአውራ ጣት ቀለበቶች ተቆፍረው ወጥተዋል። ግብጾች ያንን አገር "የቀስት ምድር" ይሉት ነበር፤ ዐረቦች በሰባተኛው መቶ ዓመት ዶንጎላ ላይ ሲገጥሟቸው "ዓይን አጥፊዎች" ብለዋቸዋል። የአክሱሙ ኢዛና የዘመተው በዚያ በኩል ነው። ስለዚህ እህቴ፣ ሦስቱን ጣት ተዪና ወደ ጎረቤቶቻችን ባህል ተመለሺ።


ረጅሙ መለሰ፦

ይቅርታ ጥያቄውን ልጠልፍ። ከዳላስ ነው። የእኔ ቀስት ፈረሰኞች የሚይዙት ዓይነት አጭር ነው፤ 52 ኢንች። ቁመቴ ረጅም ስለሆነ 30 ኢንች እስባለሁ፣ በሦስት ጣት። ስስብ ፍላጻው ከቀስቱ ላይ እየተነሳ ይወድቃል። ስለቅ ደግሞ መሃል ጣቴን አውታሩ ይልጠዋል። ይህም የአለቃቀቅ ችግር ነው?


እንጨት ጠራቢው መለሰ፦

ረጅሙ፣ ያንተስ የሒሳብ ችግር ነው። 52 ኢንች ቀስት 30 ኢንች ሲሳብ አውታሩ ጣትህ ላይ ሹል ማዕዘን ይሠራል። ሦስቱ ጣቶች በዚያ ማዕዘን ውስጥ ይጨመቃሉ፣ ሌባና መሃል ጣትህ የፍላጻውን ጭራ ይነክሱታል፣ ፍላጻው ብድግ ይላል። ለጊዜው በሌባና በመሃል ጣትህ መካከል ጭራውን የማይነካ ክፍተት ተው፤ አንዳንድ የጣት ቆዳ ለዚሁ ብሎ መለያ ትንሽ ጉብታ አለው። እውነተኛው መፍትሔ ግን ሁለት ነው፤ ወይ 64 ኢንችና ከዚያ በላይ የሆነ ቀስት ያዝ፣ ወይ ባለ አውራ ጣትን አስተማሪህ አድርገው። አጭር ቀስት በአብዛኛው የተሠራው ለአውራ ጣት ነው፤ አውታሩን የሚነካው ቦታ ጠባብ ስለሆነ ማዕዘኑ አያስጨንቀውም።

ባለ አውራ ጣት ወንድሜ፣ ስለ ኖባ ያልከው ግሩም ነው፤ ሌላ ጊዜ ለብቻው ጻፍልን። ግን እህታችን በያዘችው ቀስት ላይ ምክርህ አይሠራም። ቀስቷ የተቆረጠው ፍላጻው በግራ በኩል እንዲቀመጥ ነው፤ በአውራ ጣት ልሳብ ብትል ማረፊያው የለም። ሁለተኛ ነገር፣ በሦስት ጣት አጥብቆ የሚይዝ ክንድ በአውራ ጣትም አጥብቆ ይይዛል። የእናንተስ ጀማሪዎች አውራ ጣታቸውን "ለመክፈት" አይታገሉም? ይታገላሉ። 145 ሜትሩን ግን እጅ እነሳለሁ።


የጫካ ዳር መለሰች፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ያሉኝን አደረግሁ። መስመሩ እንዳሉት ነው፤ ሌባ ጣቴ ጫፍ ላይ ደማቅ፣ መሃል ጣቴ ላይ ደብዛዛ፣ የቀለበት ጣቴ ላይ ምንም የለም። የቀለበት ጣቴ ለካ እስካሁን አብሮ ይጓዝ ነበር እንጂ አልሠራም።

ጀሪካኑ ጎረቤቶቼን አስገርሟል። አንዲት አሮጊት ጎረቤቴ በመስኮት ስታየኝ ቆይታ ወርዳ "እጅሽን አሞሻል?" አለችኝ። ሳስረዳት እሷም ሞከረች፤ ከእኔ በተሻለ ቶሎ ገባት።

ከማኅበራችን ሰው 700 የሆኑ ፍላጻዎች ተዋስኩ። አውታሩን አንጓዬ ላይ አስተኝቼ ስለቅ ወደ ግራ መሄዱ በጣም ቀነሰ፤ እጄም አልተወረወረም። መደንዘዙም ቀለል ብሏል፤ ወጌሻ ባለው መሠረት ሲጀምረኝ አቆማለሁ። አሁን ግን ሌላ መጣ። አንዳንዱ ፍላጻ ከዒላማው በታች ይወድቃል፤ አንድ ጊዜ መሬት ላይ ተሰክቷል። ቀኝ እጄ ከለቀቅኩ በኋላ ጉንጬ ላይ እንዳለ ይቀራል፣ አንዳንዴም አውታሩን ተከትሎ ወደ ፊት ይሄዳል። ይህስ ምንድን ነው ጋሼ? እርስዎ "አላዪ" አሉኝ እንጂ ምን እንደማላላ በደንብ የገባኝ አይመስለኝም።


እንጨት ጠራቢው መለሰ፦

ጎረቤትሽን ቀስት ግዥላት።

ግራው መቀነሱ ጥሩ ነው፤ ቀሪው የፍላጻ ይሁን የእጅ በኋላ እንለየዋለን። ወደ ታች መውደቁ ግን ክንድሽን ስታላዪ ጀርባሽንም አብረሽ ስላላላሽ ነው። ጀርባ ሲለቅ እጅ ከመልቀቁ በፊት ጥቂት ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ አንድ ኢንች ከጠፋ ሁለት ፓውንድ ጠፋ፣ ፍላጻውም ያጥረዋል። የሚላላው ከክርን በታች ያለው ብቻ ነው። ከክርን በላይ ያለው፣ ትከሻሽን ወደ አከርካሪሽ የሚስበው የጀርባ ጡንቻ፣ ፍላጻው ዒላማው ላይ እስኪደርስ መሳቡን አያቆምም። አረጋዊ ከአልጋ ስታነሺ የምትጠቀሚበት ጡንቻ ነው፤ ታውቂዋለሽ። እሱ እየሳበ ጣቶቹ ሲላሉ እጅሽ ምርጫ የለውም፤ መንጋጋሽን እየታከከ ወደ ኋላ ይሄድና ከጆሮሽ ሥር ወይም ማጅራትሽ አጠገብ ያርፋል። ሆን ብለሽ ወደ ኋላ አትውሰጂው፤ ያ ደግሞ ሌላ ጥጥ መንደፍ ነው። ራሱ ሲሄድ ብቻ ነው የሚቆጠረው።

ለማየት ጓደኛሽ ከጎንሽ ትቁምና የፍላጻውን ጫፍ ብቻ ትመልከት። ስበሽ ካረፍሽ በኋላ ጫፉ ከመሄዱ በፊት ወደ ፊት ከተንቀሳቀሰ ትንገርሽ። ሰው ከሌለ ስልክሽን በዝግታ መቅረጫው፣ በሰከንድ 240 ምስል በሚያነሳው፣ በፍላጻው ጫፍ ትይዩ አቁሚው።

ለቤት ደግሞ ይህን ሥሪ። ጠንካራ ሲባጎ ወስደሽ ክብ አድርገሽ ቋጪ። ክቡ ሲወጠር አንዱ ጫፍ ግራ መዳፍሽ ላይ፣ ሌላው ጉንጭሽ ላይ ባረፈው የቀኝ እጅሽ ጣቶች ላይ እስኪሆን ድረስ ርዝመቱን ለኪ። ቀስት እንደያዝሽ ቁሚ፣ ግራ እጅሽ ይግፋ፣ ጀርባሽ ይሳብ፣ ጣቶችሽ እንደ ልማዳቸው በአንጓቸው ይያዙ። ከዚያ ክንድሽን አላዪ። ጀርባሽ እየሠራ ከሆነ ሲባጎው ወደ ፊት ይፈናጠራል፣ ቀኝ እጅሽም ወደ ጆሮሽ ይሄዳል። ጀርባሽ ከለቀቀ ሲባጎው እዚያው ተልፈስፍሶ ግራ እጅሽ ላይ ይንጠለጠላል። አልጋ አጠገብ አስቀምጪው፤ ዕቃ የሚሰበር ነገር ፊትሽ እንዳይኖር ብቻ ተጠንቀቂ።

ሲባጎው በተከታታይ ወደ ፊት መፈናጠር ሲጀምር ወደ ገለባው ተመለሺ፣ ከዚያ 10 ሜትር ላይ ወረቀት ለጥፊ። ያኔ ከተዋስሻቸው ፍላጻዎች የአንዱን ላባ ባለቤቱን አስፈቅደሽ አንሺና ላባ ካላቸው ጋር አብረሽ ወርውሪው። ላባ የሌለው የት እንደወደቀ ጻፊልኝ፤ ግራ ከሆነ 800 ትገዣለሽ፣ ቀኝ ከሆነ 600፣ አብሮ ከወደቀ ያንኑ 700።